የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ

«ይህ ያልኩት ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ካልሆነ፣ አሁኑኑ እዚሁ ድንኳን ውስጥ፣ ሁላችሁም እያያችሁ ምላሴ ይቆለፍ!» አለ በኃይሉ፤ ቀኝ እጁን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ሰቅሎ፣ ግራውን ደረቱ ላይ ለጥፎ። «ከትናንት በስቲያ ያለበስነው የወንድሜ አፈር ይፍረደኝ! ያን እሑድ ጠዋት እኔና ጉልላት፣ በዚያች ፒካፑ ኮፈን ሥር ተቃቅፈን ታርቀናል። የሞተሯን አራቱንም ካንዴላ በእነዚህ እጆቼ ቀይሬለታለሁ። እሱ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ እየመረቀኝ!»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ማምጣት የሚችል ጉሮሮ በሀዋሳ ምድር የበኃይሉ ብቻ ነው። ይህ ጉሮሮ መናኸሪያ ውስጥ ተራ ሲያስከብር «ዲላ! ዲላ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮህ፣ ዲላ መሄድ በሕልሙም ያላሰበ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሮጥ ነበር። በቀብሩ ዕለት «ወንድሜን!» ብሎ ድምፁን ሲያሰማ ደግሞ ግራሩ ላይ የሰፈሩት አባ ኮዳ አሞራዎች በአንድ ጊዜ ተነስተው ሰማዩን አጨለሙት፤ ሻሸመኔ ደርሰው ነው ያረፉት። ያየ አይቷል፤ ያላየ በኃይሉን ይጠይቅ።

«ሻይ አልክ?» አለች ሮማን።

የሟች ሚስት ናት። ፍራሹ ላይ ጥግ ይዛ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተቀምጣለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ጥላቻዋ ግን ምንም አልጎደለበትም።

«ጉልላት ሻይ ከተወ ስንት ዘመኑ! ጨጓራውን ይልጠዋል። ወንድም ብትሆን ኖሮ ይህን ታውቅ ነበር።»

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሳሉን በጋቢው አፈነ። በኃይሉ ሳል ሳይሆን ሳቅ መሆኑ ገባው።

«ውሃ ነበር እንግዲህ» አለ። «በሻይ ብርጭቆ።»

የሰፈሩ ዕድር አንድ የቆየ ደንብ አለው። በሰልስቱ፣ ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ከሟች ቤተሰብ አንድ ሰው ከፍራሹ ላይ ይነሳና በሟች ስም ለቀስተኛውን ያመሰግናል። ከሟች ጋር ተኳርፎ የከረመ ሰው ግን፣ የአንድ እናት ልጅም ቢሆን፣ ያን ቃል አይናገርም፤ ፍራሹ ላይም አይወጣም። እንደ ሩቅ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮውን ቆርጥሞ ይሄዳል። «ታርቀን ነበር» የሚል ከሆነ ማስረዳት አለበት። የበኃይሉና የጉልላት ኩርፊያ ደግሞ በሰፈሩ እንደ መብራት መጥፋት የተለመደ ነገር ነበር። ስለዚህ በኃይሉ፣ ያ መናኸሪያን የሚያንቀጠቅጥ ሰው፣ ከቀብር መልስ ጀምሮ አግዳሚ ላይ ነው፤ በአንድ ጎኑ የዓሣ ነጋዴ፣ በሌላ ጎኑ ጉልላትን በሕይወቱ አንዴ ያሳፈረ ባጃጅ ነጂ። ሰው ሁሉ ሮማንን እየሳመ ያልፋል። እሱን «እግዜር ያጽናህ» ያለው ባጃጅ ነጂው ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቀመጥ እግሩን ስለረገጠው ነው።

ዛሬ ሰልስት ነው። ምሳ እንደተበላ ድንኳኑ ይነሳል። በኃይሉ ወይ ከዚያ በፊት ፍራሹ ላይ ይወጣል፣ ወይ የጉልላት ወንድም ሳይባል ይቀራል።

«አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ ዞሮ። «ካንዴላውን እኔ ካልቀየርኩት ማን ቀየረው?»

አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

ድንኳን ሊተከል ሲባል የጉልላትን ፒካፕ ከግቢው መሃል ማንሳት ግድ ሆኖ ነበር። ያቺ ፒካፕ ከአሞራ ገደል ዓሣ ስታመላልስ ያረጀች፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ወራት ሙሉ በሦስቱ ብቻ እየተንተፋተፈች የምትሄድ ነበረች፤ ከመምጣቷ በፊት ሳሏ ይደርሳል። ቁልፉን ሲያዞሩት ግን በአንዴ ተነሳች። አልሳለችም፣ አልተንቀጠቀጠችም፤ እንደ ስፌት መኪና አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ። «ካንዴላ ተቀይሮላታል!» አለ ያስነሳት ሾፌር። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ጉልላት ባለፈው ዓመት ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም ነበር። ሮማን ራሷ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ «ማነው የነካት?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም።

ባለቤት የሌለው ጥያቄ እንዲህ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ሲያይ በኃይሉ ምን ያድርግ? አነሳው። መጀመሪያ «ማን እንደቀየረው እኔ አውቃለሁ» አለ ለባጃጅ ነጂው ብቻ። ቀጥሎ ለዓሣ ነጋዴው «አንዷን እኔ ቀየርኩለት» አለው። ዛሬ አራቱም የእሱ ሆነዋል፤ ሻይና ምርቃትም ተጨምሯል።

ጉልላት ሌላ ዓይነት ፍጡር ነበር። ሁለቱን ያየ ሰው፣ እናታቸው ቃሉን ሁሉ ለታናሹ ሰጥታ ለታላቁ ዝምታውን ያስቀረችለት ይመስለው ነበር። ጉልላት ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ ጭኖ ይነዳል፤ ካንዴላ መቀየሪያዋ ሲደርስ ደግሞ እሑድ ጠዋት፣ ሞተሯ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ይከፍታል። በብስክሌት መንፊያ የካንዴላዎቹን ዙሪያ አቧራ ያራግፋል፤ አሸዋ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ሽቦዎቹ እንዳይዘበራረቁ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። ያወጣቸውን አሮጌዎች በተራቸው ጨርቅ ላይ ያሰልፍና ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል፤ ጥቁር ጥላሸት የያዘው የቱ ነው፣ ዘይት የነካው የቱ ነው። አዲሱን ሲያስገባ ቁልፍ አያነሳም። በጣቱ ነው የሚጀምረው፤ ቀስ አድርጎ፣ ጆሮውን እንደሚያዳምጥ ሰው ዘንበል አድርጎ። ልጅ ሳሉ በኃይሉ አጠገቡ ቆሞ ሲቸኩል፣ «መጀመሪያ በጣትህ» ይለው ነበር። «እምቢ ካለህ መልሰህ አውጣው።» ይህ ለጉልላት ረጅም ንግግር ነው።

በኃይሉ ደግሞ መልሶ ማውጣት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ጉልላት አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞት ተኝቶ ሳለ፣ «እኔ ቀይሬ አደርስልሃለሁ» ብሎ በኃይሉ ፒካፗን ወሰደ። ቤት ውስጥ ለብቻ ሊቀይራት? በፍጹም! መናኸሪያ ወሰዳት። ረዳቱ፣ ሾፌሩ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የቆሎ ሻጮቹ፣ ግማሽ የሀዋሳ ሕዝብ ዙሪያውን ከበበ፤ ሌላው ግማሽ ቦታ አጥቶ ተመለሰ። በኃይሉ የአንዷን ቆሎ ሻጭ ሻሽ ተቀብሎ ዓይኑን አሰረ። «ዓይኔን ታስሬ አራቱንም ካልቀየርኩ ከዛሬ ጀምሮ ሴት በሉኝ!» አለ። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው አንገራገረ። በጣቱ ሳይሆን በቁልፉ ነበር የጀመረው፤ ሕዝቡ እያጨበጨበ እንዴት በጣት ይጀመራል? ትከሻውን ጫነበት። ብረቱ አንዴ ጮኸና እጅ ሰጠ። «ገባ!» አለ በኃይሉ። ጭብጨባው ጉዱማሌ የበዓል ሜዳ ድረስ ተሰማ፤ እዚያ የነበሩ ሰዎች በዓሉ የተጀመረ መስሏቸው ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ጉልላት ዓሣ ጭኖ ወደ ዲላ ሲወጣ፣ ከይርጋለም መገንጠያ አለፍ ብሎ ሦስተኛው ካንዴላ ተፈነቀለ። በኃይሉ ሲያወራው ካንዴላው ኮፈኑን በስቶ ወጥቶ በሰማይ የምትበር አባ ኮዳ ገድሏል። የሆነው ግን ጉልላት ፀሐይ ላይ መቆሙና ዓሣው ከነሣጥኑ መሽተቱ ነው። ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ክዳን፣ የቴስታታው፣ ጥርስ ተበልቶ ነበር፤ ጠማማ የገባ ካንዴላ የሚበላው እሱን ነው። ቢያስጠግኑትም ያ ቀዳዳ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም።

ጉልላት ካንዴላውን በመሐረብ ጠቅልሎ መናኸሪያ መጣ። ረዳቶቹ ሁሉ ቆመው ነበር። ጠማማውን ጥርስ በጣቱ እያሳየ፣ «በኃይሉ፣ ‹ይህ የእኔ እጅ ሥራ ነው› በል» አለው። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በኃይሉ ሰዉን አየ። ሰዉም እሱን አየው።

«የጣሊያን ጊዜ ቴስታታ ይዘህ ሰው ትከሳለህ?» አለ፤ ሕዝቡ ሳቀ። «መጀመሪያ ዝገትህን ፍቀህ ና!»

ጉልላት መሐረቡን አጥፎ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ስትሮክ እስኪመታው ድረስ፣ በየማለዳው በመናኸሪያው በር ሲያልፍ አንገቱን አዙሮ አያውቅም።

«በኃይሉ!» አለ ከአግዳሚው ጫፍ ያቤጽ፤ መናኸሪያ አብሮት ተራ የሚያስከብር፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ምላሱን የማይከለክል። «እሑድ ዕለትም ዓይንህን ታስረህ ነው የቀየርከው?»

አሁን ሳቁን በጋቢ የሚያፍን አልነበረም።

«ያቤጽ፣ ወንድሜ ነው የሞተው!» አለ በኃይሉ።

«ይቅርታ። የቆሎ ሻጯ ሻሽ ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ሳቁ!» አለች ሮማን። «እሱ ለሳቅ ነው የመጣው። ባሌ ታሞ ሲተኛ ያልረገጠውን ግቢ፣ ሲሞት መድረክ አገኘበት። በመጨረሻዎቹ ወራት ልብሱን እኔ ነኝ ያለበስኩት። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ነኝ የቆለፍኩለት። አንድ ቀን ‹ወንድሜ እንዴት ነህ› ብለህ ደጄን አንኳኩተህ ታውቃለህ?»

«እሑድ አንኳኩቻለሁ።»

«እሑድ እኔ ቸርች ነበርኩ።»

«ለዚህ ነዋ ያላየሽኝ!»

ሮማን ሻሿን ከግንባሯ ላይ ከፍ አደረገች። የማትጮህ ሴት ናት፤ አሁንም አልጮኸችም፤ ወደ ፍራሹ ጠርዝ ተጠጋች እንጂ። ከኋላዋ አብዱልሃሚድ ለምሳ እጅ ማስታጠብ ጀምረዋል። አጥራቸው ከጉልላት አጥር ጋር አንድ የሆነ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሑድ ቀን ጉልላትን ወድቆ ያገኙትም እሳቸው። ከዚያን ዕለት ወዲህ «አላህ ያጽናችሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ጆጉንና ሳፋውን ይዘው፣ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ድንኳኑን ይዞራሉ።

«እሺ» አለች ሮማን። «ታርቃችኋል። ቀይረህለታል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስነሳናት። ዘፈነች እኮ! ሐይቁ ማዶ ተሰማች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ሄድኩ። ሥራ ነበረኝ።»

«ሞተሯ እየሠራ?»

በኃይሉ አፉን ከፈተ። መልሱ በአፉ በር ላይ መሆን ነበረበት፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው የሚጠብቀው። አልነበረም።

«ጋሽ አብዱልሃሚድ ሲገቡ ሞተሯ እየሠራ ነበር» አለች ሮማን፤ እያንዳንዱን ቃል እየለካች። «ጉልላት የፊት ጎማዋ ሥር ወድቆ ነበር። ሞተሯ ገና አልሞቀም ነበር፤ ወዲያው እንደተነሳች ነው የወደቀው። አንተ ከእሱ ጋር አስነስተሃታል። ስለዚህ ሲወድቅ እዚያው ነበርክ። ባሌ መሬት ላይ ሲጣጣር ጥለኸው ሄድክ ማለት ነው።»

ለቀስተኛው ንፍሮ ማላመጥ አቆመ። ዓሣ ነጋዴው ከበኃይሉ ጎን ትንሽ ፈቀቅ አለ።

«በኃይሉ» አሉ አቶ ደምሴ፤ ድምፃቸው እንደ አባት ለስልሶ። «ተጠንቅቀህ መልስ። ‹አልነበርኩም፣ ሐዘን አናግሮኝ ነው› ማለት ትችላለህ። ማንም አይቀየምህም። ምሳህን ትበላለህ፣ ነገሩም እዚህ ላይ ይቀራል።»

በሩን ከፍተውለት ነበር። በኃይሉም በሩን አየው። ከበሩ ማዶ አግዳሚው አለ፤ ከአግዳሚው ማዶ ደግሞ ያቺ ፒካፕ በየማለዳው በመናኸሪያው በር ስታልፍ። ማንም አያውቅም እንጂ እሷ ስትቃረብ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ያለወትሮው «ዲላ! ዲላ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ዲላ የሚሄድ መኪና በሌለበትም። አንድ ቀን ያ አንገት ይዞራል ብሎ።

«ነበርኩ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሲወድቅ እዚያው ነበርኩ። ደንግጬ ሸሸሁ።» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድንኳኑ አልወጣም። «ግን ታርቀን ነበር። ጉንጬን ስሞኛል። በዚህ በኩል።»

አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ ደረቷን መታች። ሮማን ከፍራሹ ተነሳች፤ ነጠላዋ እግሯ ሥር ወደቀ። «ፖሊስ ጥሩልኝ! ሰምታችኋል አይደል? ወንድሙን አፈር ላይ ጥሎ የሸሸ ሰው ንፍሮዬን እየቆረጠመ ነው!» ሁለት ሰዎች ያዟት። ያቤጽ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከአግዳሚው ማዶ «ውጣ! ከዚህ ውጣ!» የሚል ተሰማ፤ ሌላው ተቀበለው፤ አቶ ደምሴ እጃቸውን ቢያነሱም የሚያያቸው አልነበረም። በኃይሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ይሳደቡ። ገዳይ ይበሉት። ገዳይ የተባለ ወንድም አሁንም ወንድም ነው።

በዚህ መሃል ተራው ደርሶ አብዱልሃሚድ ፊቱ ቆሙ። ሳፋውን ከጉልበቱ በላይ ያዙለት።

«እጅህን» አሉ።

በልማድ ዘረጋ። ውሃው መፍሰስ ጀመረ።

«በኃይሉ አልመጣም» አሉ አብዱልሃሚድ።

በዝግታ ስለተናገሩ መጀመሪያ የሰሙት የቅርቦቹ ብቻ ነበሩ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ዝም እያሰኘ ጸጥታው እስከ ድንኳኑ በር ደረሰ።

«ካንዴላዎቹን የቀየርኳቸው እኔ ነኝ። ጉልላት በርጩማ ላይ ተቀምጦ እየነገረኝ። ከጠዋት ጀምሮ አብሬው ነበርኩ። አስነሳናት፤ ደስ አለው፤ ‹ትንሽ ትሥራ፣ ልስማት› አለኝ። እኔ ለሶላት ልታጠብ ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ወድቋል።» ዓይናቸውን ከውሃው ላይ አላነሱም። «ሮማን መኪናዋን እንዳላስነካው ቃል አስገብታኝ ነበር። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። በሩን የከፈተ ሰው የለም። ማንም አልመጣም።»

ሮማን የያዟትን ሰዎች ክንድ ይዛ ቆመች።

«ጋሽ አብዱልሃሚድ» አለ በኃይሉ። ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሳ የእሱ አይመስልም ነበር። «ያን ሁሉ ሰዓት... ስለ እኔ አላነሳም?»

ሽማግሌው ጆጉን ትንሽ ቀና አደረጉት።

«ስለ መኪናዋ ነበር የምናወራው» አሉ።

ውሃውን እንደገና አዘነበሉለት። በኃይሉ ንጹህ እጆቹን ሳፋው ላይ ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን በጣቶቹ መሃል እያስገባ፣ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ እየፈተገ፣ ካንዴላ ሲቀይር ግራሶ እንደነካው እጅ ማሸት ጀመረ።